ገራባና ፌስታል አብረው አይታሰሩ፦ በድሬዳዋ ግቢ ቆሻሻ ለይቶ ብስባሽ የማዘጋጀት መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያው ጊዜ፣ ሲያበቃ ከየቤቱ የሚወጣው ነገር ይታወቃል፤ ገራባ ነው፤ ከጫቱ የተረፈው ቅጠልና እንጨት። ገራባው ብቻውን ቢወጣ ማንንም አያስቸግርም። ፍየል ይበላዋል፤ ፍየል ያልበላውን አፈር ይበላዋል። ችግሩ ጫቱ በመጣበት ፌስታል ተመልሶ መታሰሩ ነው። ላዩ ላይ የለውዝ ልጣጭ፣ የሃይላንድ ክዳንና የሲጋራ ቁራጭ ይጨመርበታል። ከዚያ ጥብቅ ተደርጎ ይቋጠርና ይጣላል።

በዚያች ቋጠሮ ውስጥ ዕጣቸው ለየቅል የሆኑ ነገሮች አብረው ታስረዋል። ገራባው በጥቂት ወራት አፈር መሆን ይችላል። ፌስታሉ ግን እኛም ልጆቻችንም አልፈን እዚያው ይገኛል። አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሁለቱም ይበላሻሉ። ገራባው አየር አጥቶ ይገማል፤ ፌስታሉም ጨቅይቶ ለማንም የማይሆን ይሆናል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ቆሻሻ የሚለየው ከእጃችን ሲወጣ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ እለየዋለሁ ማለት ዘበት ነው።

መጀመሪያ ልዩነቱን እንያዝ

አንድ ነገር በሰበሰ የምንለው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች፣ ከእነሱም ጋር ትላትልና ነፍሳት፣ በልተው ሲጨርሱት ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የፓፓያ ዘር፣ ያደረ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ ሆጃ የሚፈላበት የቡና ገለባ፣ የፍየል በጠጥ፣ ወረቀት፣ የጥጥ ጨርቅ ሁሉ ሕይወት ካለው ነገር የመጡ ናቸው። የሚበላቸውም ሞልቷል። በላተኞቹ የሚፈልጉት እርጥበት፣ አየርና የተመጣጠነ ምግብ ነው። አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል ወይም ይገማል።

ፕላስቲክ ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ነው። የተያያዘበት ሰንሰለት ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሊበጥሱት አይችሉም ማለት ይቻላል። መስታወትና ብረትም እዚሁ ወገን ናቸው። ብረት ይዝጋል፣ መስታወት ይሰበራል፤ የሚበላቸው ግን የለም።

እዚህ ላይ የድሬ ፀሐይ ሰውን ታሳስታለች። እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ፌስታል አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከወራት በኋላ ቀለሙ ይለቅቃል፣ ይደርቃል፣ በጣት ሲነኩት ፍርፍር ይላል። ሰው ይህን ሲያይ በሰበሰ ይላል። አልበሰበሰም። ፀሐይ ሰባበረችው እንጂ ማንም አልበላውም። ፍርፋሪው በነፋስ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ ወደ ጓሮ አፈር፣ ወደ ከብቱ መኖ ይገባል። ትልቁን ፌስታል ጎንበስ ብሎ ማንሳት ይቻል ነበር፤ ፍርፋሪውን ግን ማን ይለቅመዋል?

ይበሰብሳል የሚል ጽሑፍ ያለበት ፌስታል ካጋጠማችሁም የብስባሽ ጉድጓዳችሁ ውስጥ አታስገቡት። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚፈርሱት በፋብሪካ ደረጃ በተዘጋጀ ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስት ዕቃ አዘጋጁ

አንደኛው ክዳን ያለው ባልዲ ነው፤ ለሚበሰብሰው። ሁለተኛው ጆንያ ነው፤ ለማይበሰብሰው። ሦስተኛው ትንሽ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ነው፤ ለአደገኛው። አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የቀለም ባልዲ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን በደንብ ታጥቦ ይበቃል።

ከዕቃው ይልቅ ቦታው ይወስናል። ባልዲው ሽንኩርት የሚላጥበት ቦታ አጠገብ ይሁን። ጓሮ ድረስ መሄድ ካለባት፣ ምግብ የምትሠራዋ ሰው ቅርብ ያገኘችው ፌስታል ውስጥ ትከተዋለች። ይፈረድባታልም ማለት አይቻልም። በርጫ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ሰፋ ያለ ሰፌድ ወይም ሳፋ ለገራባው ብቻ አስቀምጡ። ለክዳኑ፣ ለማስቲካ ወረቀቱና ለሲጋራው ሌላ ትንሽ ዕቃ ከጎኑ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ አንዴ ብቻ መናገር ነው፤ ሰው ዕቃውን ካየ ይገባዋል።

የድሬ ሙቀት አይታገስም። የባልዲው ቆሻሻ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ዝንብ ይወረዋል። በየቀኑ ማታ ይገልበጥ። ከታች ትንሽ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ጋዜጣ ካነጠፋችሁበት ውሃውን ይመጥጣል፤ ባልዲውም አይሸትም።

ደረጃ 2፦ አጠራጣሪዎቹን እወቁ

የሙዝ ልጣጭና የሃይላንድ ጠርሙስ ማንንም አያደናግሩም። ሰው የሚሳሳተው መሃል ላይ ባሉት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ጆንያ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከቃጫ የተሠራው የጥንቱ ጆንያ ይበሰብሳል። አሁን ስኳርና ዱቄት የሚመጣበት ነጩ የተሸመነ ጆንያ ግን ፕላስቲክ ነው። ክሩን መዝዛችሁ በክብሪት ብትለኩሱት ይለያል፦ ቀልጦ ጠብ ካለ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ከተክል የመጣ ነው። ለሙከራ አንዲት ክር ትበቃለች፤ እሱም ደጅ ሆናችሁ። ገመድም እንዲሁ ነው፤ የቃጫው ይበሰብሳል፣ የናይሎኑ አይበሰብስም።

ልብስ ላይም ያው ነው። ያለቀ ነጠላና ጋቢ ከጥጥ ከሆነ ተቆራርጦ ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ቀድማችሁ ቁረጡት። አብዛኛው ሰልባጅ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው፤ ከማይበሰብሰው ወገን ቁጠሩት።

ወረቀት የሚመስል ሁሉ ወረቀት አይደለም። የጁስና የወተት ካርቶን ውስጡ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተለብጦበታል። የአንድ ጊዜ የሻይ ኩባያም ውስጡ ስስ ፕላስቲክ አለው፤ ባይኖረው ኖሮ ሻዩ ያፈስ ነበር። የሚያብለጨልጭ የብስኩትና የቺፕስ ልባስም አይበሰብስም። ጋዜጣ፣ የደብተር ወረቀትና ስካች ፕላስተሩ የተላጠለት ተራ ካርቶን ግን ይበሰብሳል። የሻይ ከረጢቶች አንዳንዶቹ ፕላስቲክ ስላለባቸው ቀደድ አድርጋችሁ ቅጠሉን ብቻ አስገቡ።

ማስቲካ አይበሰብስም። የሲጋራ ፊልተርም ጥጥ ይመስላል እንጂ ተራ ጥጥ አይደለም፤ ለዓመታት ይቆያል፤ የያዘው ኒኮቲንም ለአፈሩ ጥሩ አይደለም። ዳይፐርና ሞዴስ ውስጣቸው ፕላስቲክ አለ። የሰው ፀጉር ይበሰብሳል፤ ዊግ አይበሰብስም።

የሚበሰብሱ ሆነው ጉድጓዳችሁ ውስጥ ባይገቡ የሚሻሉም አሉ። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ይበሰብሳሉ፤ ግን ውሻና ድመት ይቆፍሯቸዋል። ሐረር ቢሆን ጅቦቹ ሌሊት ገብተው ይለቅሙላችሁ ነበር። ለማንኛውም ግቢያችሁ ውስጥ አትጋብዟቸው። የውሻ፣ የድመትና የሰው ዓይነ ምድርም አይግባ፤ በሽታ አለበት። የማንጎ ፍሬና የበቆሎ ቆረቆንዳ ይግቡ፤ ግን ቀስ ብለው ነው የሚበሰብሱት። በመዶሻ ቀጥቀጥ ካደረጋችኋቸው ጊዜው ያጥራል።

ደረጃ 3፦ ገራባውን አዘጋጁ

ገራባ ለብስባሽ የተመቸ ነገር ነው። ብዙ ቤት በየቀኑ ይወጣል፣ ዋጋ የለውም፣ ከምግብ ልጣጭም ጋር ይስማማል። ግን ቅጠሉና እንጨቱ አንድ አይደሉም። ቅጠሉ ናይትሮጅን ስላለው ከእርጥቡ ወገን ይቆጠራል። እንጨቱ ደግሞ ከደረቁ ወገን ነው፤ ካርቦን ያለው፣ ጠንካራና ቀስ ብሎ የሚፈርስ። ስለዚህ ከጥቅሉ የመጣውን የቃጫ ወይም የናይሎን ማሰሪያ ነጥላችሁ፣ እንጨቱን በመጥረቢያ ወይም በገጀራ በጣት ርዝመት ቆራርጡት። ሳይቆረጥ ከገባ ዓመት ሞልቶትም እንደ ገባ ታገኙታላችሁ።

ፍየል ያላችሁ ወይም ጎረቤት ያለው ካለ፣ ንጹሑ ገራባ መጀመሪያ ለፍየሏ ይሰጥ። በጠጧ ተመልሶ ለጉድጓዱ ይመጣል፤ ከቅጠሉ የተሻለ ሆኖ ነው የሚመጣው። ግን ገራባው ከፌስታል የተለየ መሆን አለበት። ፍየል ፌስታሉን የምትበላው የምግብ ሽታ ስላለበት ነው። ጨጓራዋ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም። ሌላው እየመጣ ይጠቀለልበታል። ሆዷ ሁልጊዜ የሞላ ይመስላታል፤ እሷ ግን እየከሳች ትሄዳለች። ለበዓል ፍየል ሲታረድ ጨጓራው ተከፍቶ የተጠቀለለ ፌስታል የወጣበት ቤት ይህን አይረሳም። ባለቤቷ ስንት ለፍቶባታል! አቦ፣ አንዲት ቋጠሮ ሳትፈታ በመጣሏ ብቻ።

ደረጃ 4፦ ጉድጓዱን ቆፍሩ

ደጋ ላይ ብስባሽ ከመሬት በላይ ይከመራል። ለድሬ ግን ጉድጓድ ይሻላል። ክምር እዚህ በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ይደርቃል፤ ጉድጓድ እርጥበቱን ይይዛል።

ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ። ኒም ዛፍ ካላችሁ ከሥሩ ጥቂት ራቅ ብላችሁ ጥላው የሚደርስበት ቦታ ላይ ቆፍሩ። ጥልቀቱ ወደ 1 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ እንደ ግቢያችሁ ስፋት ይሁን። ከዚህ በጣም ካነሰ ሙቀት አይይዝም። ከመኝታ ቤት ግድግዳና ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ። በአፉ ዙሪያ ከአፈሩ ትንሽ እርከን ሥሩለት፤ ክረምት ሲገባ የግቢው ጎርፍ ገብቶ እንዳያጥለቀልቀው። ቦታ ካለ ሁለት አድርጉት፤ አንዱ ሲበስል ሌላው ይሞላል።

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቤታችሁ፣ ጎኑና ሥሩ የተበሳሳ በርሜል ወይም ትልቅ ባልዲ ይበቃል። በረንዳ ላይ ጥላ ቦታ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ውሃውን የሚቀበል ትሪ ይኑረው። የሚከተለው አደራረብ ለሁለቱም አንድ ነው።

ደረጃ 5፦ ደርድሩ

ከሥር የተቆራረጠ የጫት እንጨት ወይም የማሽላ አገዳ አንድ ስንዝር ያህል አንጥፉ። አየር በዚያ በኩል ይገባል፤ ትርፍ ውሃም ይወርዳል። በላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ካርቶን አድርጉ። ቀጥሎ የባልዲውን እርጥብ፦ ልጣጩን፣ የቡና አተላውን፣ የገራባውን ቅጠል። በላዩ ስስ የበጠጥ ወይም የእበት ንጣፍና አንድ ሁለት አካፋ የጓሮ አፈር በትኑ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚመጡት በዚህ ነው። ውሃ ርጭት አድርጉና እንደገና ከደረቁ ጀምሩ።

መጠኑ በግምት ሁለት እጅ ደረቅ ለአንድ እጅ እርጥብ ነው። ዓላማው ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 25 ወይም 30 እጥፍ እንዲሆን ነው፤ ሚዛን ግን አያስፈልጋችሁም። በጣም እርጥብ ከመሰላችሁ ደረቅ ጨምሩ። እርጥቡን ፈጽሞ ገልጣችሁ አትተዉት፤ ዝንብ የሚመጣው ለዚያ ነው።

አመድ ላይ ቆጠብ በሉ። ብዙ የብስባሽ መመሪያ አመድ ጨምሩ ይላል። የድሬ ውሃ ግን ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይነግራችኋል። አመድ ይህንኑ ያባብሳል። አልፎ አልፎ አንድ እፍኝ በቂ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም ቢገባ አይጎዳም፤ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ግን አይደለም።

ጉድጓዱ ሲሞላ በአፈር ሸፍኑት፤ በላዩ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ወይም የሙዝ ቅጠል ጣሉበት። መሃሉ ላይ እስከ ሥሩ የሚደርስ ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። ሥራው በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ጠብቁት

ከአምስት ቀን በኋላ ያን እንጨት ምዘዙትና ጫፉን በእጃችሁ ያዙት። ትኩስ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የአረም ዘርና ብዙዎቹ የበሽታ ተህዋስያን ይሞታሉ። በባልዲ የሠራችሁት ይህን ያህል አይሞቅም፤ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል።

እንጨቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ውሃ ጠምቶታል። ድሬ ላይ የሚያጋጥመው በብዛት ይሄ ነው። ጉንዳን ከገባበትም ምክንያቱ ድርቀት ነው። ከመሃሉ አንድ እፍኝ አንስታችሁ ጨመቅ አድርጉ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልኩ ነው። ምንም ካልወጣ አጠጡት። ከፈሰሰ በዝቷል። ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ለዚህ ንጹሕ ውሃ ማውጣት ኃጢአት ነው፤ አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይበቃል። ሳሙና የገባበትን ግን አታፍሱበት።

የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከመጣ አየር አጥቷል ማለት ነው። አገላብጡትና ደረቅ ነገር ጨምሩ። አየር ባጣበት ሁኔታ ሚቴን የሚባል ጋዝም ይፈጠራል፤ እሱ ራሱ ሽታ የለውም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተቀላቅሎ ቆሻሻ መጣያ ቦታ የሚታፈን እርጥብ ቆሻሻ የሚያወጣውም ይህንኑ ነው። ሽታው አፍንጫ የሚወጋ፣ የሽንት ዓይነት ከሆነ ደግሞ እርጥቡ በዝቷል፤ ሰጋቱራ ወይም ካርቶን ይጨመር።

በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ወይም በአካፋ አገላብጡት። የዳሩ ወደ መሃል፣ የላዩ ወደ ሥር። በዚህ ሙቀት፣ በደንብ ከተቆራረጠና እርጥበቱ ካልተጓደለ፣ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ የጆንያው ጉዳይ

ጆንያው ውስጥ ያለው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ሃይላንዱን አለቅልቃችሁ ክዳኑን ፈትታችሁ ጨፍልቁት፤ ቦታ አይይዝም። ጣሳ፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ያለቀ ድስት ለየብቻ ይሁኑ። ቆራሌው ሲመጣ ንጹሑንና የተለየውን ደስ ብሎት ይወስዳል። ሥጋ ወጥ የፈሰሰበትን አይነካውም። ቆራሌውን በክብር ጥሩት፤ ከተማውን ከሚያጸዱት አንዱ እሱ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ ካለ በካርቶን ጠቅልላችሁ ለይታችሁ ስጡት፤ እጁን እንዳይቆርጠው።

በትንሿ ቆርቆሮ የገቡት የባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ ረጅም አምፖል፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ መርፌና ምላጭ ናቸው። ከሁለቱም ጋር አይቀላቀሉ። ባትሪና አምፖል ውስጥ ለአፈርና ለውሃ መርዝ የሆኑ ብረቶች አሉ። መድኃኒቱን ለመድኃኒት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ አስረክቡ።

ፕላስቲክ አታቃጥሉ። ምሽት ላይ ግቢ ውስጥ የሚጨሰው ጥቁር ጭስ ወደ ልጆቹ ሳንባ ነው የሚገባው፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። አቃጥላችሁ ከነበረም አመዱን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳታስገቡት።

ቦይ ውስጥም አትጣሉ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ዝናብ ከተራራው ሲወርድ ግን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻ አልነበረም፤ ከላይ የጣለው ዝናብ ነው። ግን እንዲህ ባለ ከተማ የሰፈር ቦይ በፌስታል ተደፍኖ ክረምት መጠበቅ ልብ ያስደነግጣል።

ፌስታሉን ከመለየት አለማምጣት ይቀላል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ይከለክላል። ወደ ቀፊራ ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ። ለጫቱም አንድ የጨርቅ ቦርሳ መድቡለት፤ ታጥቦ ተመልሶ ይሠራል።

ደረጃ 8፦ ሲደርስ

የደረሰ ብስባሽ ጥቁር ቡናማ ነው። ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል እንጂ ቆሻሻ አይሸትም። ልጣጩ ልጣጭ መሆኑ አይታወቅም። ከገባው ግማሽ ያህል ብቻ ቢቀር አትደንግጡ፤ እንደዚያ ነው። አውጥታችሁ ጥላ ሥር ሁለት ሳምንት አሳርፉትና በወንፊት ንፉት። ያልፈረሰው የጫት እንጨት ለቀጣዩ ጉድጓድ ከሥር ይነጠፋል።

ለማሰሮና ለባልዲ ተክል አንድ እጅ ብስባሽ ለሦስት እጅ አፈር ቀላቅሉ። ለፓፓያ፣ ለማንጎና ለሎሚ ደግሞ ግንዱን ሳያስነኩ በዙሪያው በትናችሁ በስሱ አፈር አልብሱት። ብስባሽ ያለበት አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ፣ ዕለት ዕለት ታጠጡት የነበረውን ተክል መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ሥሩ እርጥብ ከሆነ ውሃውን ለነገ አቆዩት።